ጥይትና ማህደር፦ የስውር ፖሊስ ፊልሞችና ተቋማዊ በደል

ማንነቱን ደብቆ ወደ ወንጀለኞች ቡድን የሚገባ ፖሊስ ታሪክ የዓለም ሲኒማ ከሰባ ዓመታት በላይ ሳይሰለች የተመላለሰበት ጉዳይ ነው። በሆሊዉድ፣ በሆንግ ኮንግና በደቡብ ኮሪያ የተሠሩት እነዚህ ፊልሞች ላይ ላዩን ሲታዩ የተኩስ፣ የማሳደድና የደም ፊልሞች ይመስላሉ፤ ተመልካቹም አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ተንጠልጥሎ የሚጠብቀው ሰውየው ይታወቅበት እንደሆነ ለማየት ነው። ይሁን እንጂ ከዘውጉ የተመሰገኑት ሥራዎች በጥሞና ሲመረመሩ ከጥይቱ ጀርባ ሌላ ዓይነት ጭካኔ ይገኛል፤ ይኸውም አንድ ተቋም የራሱን ሰው ለዓመታት ሲገለገልበት፣ እውነተኛ ስሙን በአንድ ማህደር ውስጥ ቆልፎ ሲያስቀምጥ፣ ሲፈልግ እያወቀው ሳይፈልግ ሲክደው የሚፈጽመው ደም የማይታይበት በደል ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ትልቁ ግፍ የሚፈጸመው በሽጉጥ ሳይሆን በአሠራር ነው፤ ፊልሞቹም ይህን ግፍ በፖሊሱ ላይ ሲደርስ አጉልተው የማሳየታቸውን ያህል፣ በተራው ሰው ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሳያዩት ያልፋሉ።

ጉዳዩን ለመረዳት ጥቂት ስያሜዎችን መለየት ይጠቅማል። ስውር ፖሊስ ሲባል የደንብ ልብሱን አውልቆ በከተማ የሚዘዋወር ሲቪል ለባሽ ማለት ብቻ ሳይሆን፣ በሐሰት ስምና በተፈበረከ የሕይወት ታሪክ በአንድ ቡድን መካከል ለወራት ወይም ለዓመታት የሚኖር ሰርጎ ገብ ማለት ነው። ከጆሮ ጠቢም ይለያል፤ ጆሮ ጠቢ ራሱ ከቡድኑ ወገን ሆኖ ለገንዘብ ወይም ከቅጣት ለማምለጥ ሲል ወሬ የሚያቀብል ሰው ሲሆን፣ ስውሩ ፖሊስ ግን ቃለ መሐላ የፈጸመ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ተቋማዊ በደል የሚባለው ደግሞ ከአንድ ክፉ ግለሰብ ሐሳብ ብቻ የማይመነጭ፣ በመመሪያ፣ በምስጢር አያያዝ፣ በሹመትና በዝምታ ተደግፎ የሚፈጸም፣ በመጨረሻም ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው የሚጠፋበት በደል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተቋሙ ያለ ነቀፋ የታየበት ዘመን

የዘውጉ ቀደምት ሥራዎች ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ቦታ አልነበራቸውም። በአሜሪካ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ተፈጻሚ የሆነውና እስከ 1968 የቆየው፣ በተለምዶ የሄይስ ደንብ ተብሎ የሚጠራው የፊልም ኢንዱስትሪው የሥነ ምግባር መመሪያ፣ ሕግ እንዳይፌዝበትና ወንጀል የተመልካችን ርኅራኄ እንዳያገኝ ያዝዝ ነበር። አንቶኒ ማን በ1947 ያዘጋጀው «ቲ ሜን» የዚህ ዘመን ጥሩ ምሳሌ ነው። ፊልሙ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትም ቡድን ውስጥ ስለገቡ ሁለት የአሜሪካ ግምጃ ቤት ወኪሎች የሚተርክ ሲሆን፣ በመግቢያው ላይ የመሥሪያ ቤቱ የምርመራ ኃላፊ የነበሩት ኤልመር አይሪ ራሳቸው በካሜራ ፊት ቀርበው ስለ ሥራው ያስረዳሉ። ከሁለቱ ወኪሎች አንዱ ማንነቱ ታውቆበት ሲገደል ባልደረባው እዚያው ቆሞ ያያል፤ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሥራው ሁሉ ከንቱ ስለሚቀር ዝም ይላል። ፊልሙ ይህን ዝምታ ለአገር የተከፈለ መሥዋዕት አድርጎ ያቀርበዋል እንጂ፣ ለሟቹ የመውጫ መንገድ ተዘጋጅቶለት እንደነበር ወይም ወደዚያ የላከው ሰው ምን እንደተጠየቀ አያነሣም። ተቋሙ በመግቢያው ተናጋሪ፣ በመጨረሻው ባለድል ነው፤ በመካከል የፈሰሰው ደም ለድሉ የሚገባ ዋጋ ተደርጎ ይቆጠራል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የራውል ዎልሽ «ኋይት ሂት» ግን በአንድ ነገር ከዚህ ፈቀቅ ይላል። ጄምስ ካግኒ የተጫወተው ርኅራኄ የለሽ ሽፍታ እንደ ወንድም ያመነውና ሀብቱን ሊያካፍለው የተዘጋጀው ጓደኛው ስውር ፖሊስ መሆኑን ሲረዳ የሚሰማው ሕመም፣ ደንቡ ምንም ቢል ተመልካቹን መንካቱ አልቀረም። ሕግን ለማስከበር ሲባል የሰውን እምነት መሣሪያ ማድረግ ምን ያህል ተገቢ ነው የሚለው ጥያቄ በዘውጉ ውስጥ የተዘራው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥያቄው እስኪበስል ድረስ ግን ሃያ ዓመታት ያህል አለፉ።

ሰርፒኮና የናፕ ኮሚሽን

ሕዝቡ በፖሊስ ላይ የነበረው እምነት በአሜሪካ በተናጋበት በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ፍራንክ ሰርፒኮ የተባለው የኒው ዮርክ ፖሊስ ያጋጠመው ነገር ለሲኒማው አዲስ መንገድ ከፈተ። ሰርፒኮ በሲቪል ልብስ ሲሠራ ባልደረቦቹ ከቁማር ቤቶችና ከሌሎች ሕገ ወጥ ሥራዎች በየወሩ ጉቦ እየሰበሰቡ እንደሚከፋፈሉ ተመልክቶ፣ በየደረጃው ላሉት አለቆች ደጋግሞ ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም። ነገሩ ለሕዝብ ጆሮ የበቃው ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በአፕሪል 1970 ባወጣው ሰፊ ዘገባ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከንቲባው ጆን ሊንድሲ የናፕ ኮሚሽን ተብሎ የሚታወቀውን አጣሪ ቡድን አቋቋሙ። ሰርፒኮ በፌብሩዋሪ 1971 ብሩክሊን ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ላይ በተካሄደ ዘመቻ ፊቱን በጥይት ተመትቶ ለጥቂት ተረፈ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በኮሚሽኑ ፊት በይፋ መሰከረ።

ኮሚሽኑ ጉቦ ተቀባይ ፖሊሶችን በሁለት ምድብ ከፍሎ ነበር። አንደኞቹ አጋጣሚ ያመጣላቸውን ጥቂት ገንዘብ የሚቀበሉት «ሣር በሎች» ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ትልቅ ገንዘብ አሳደው የሚይዙት «ሥጋ በሎች» ናቸው። የኮሚሽኑ ጠቃሚ ግኝት የኋለኞቹ መኖር ሳይሆን፣ እጅግ ብዙ የሆኑት የፊተኞቹ ጉቦን እንደ ተራ ነገር በማስለመዳቸውና ባልደረባን አሳልፎ አለመስጠትን የክብር ሕግ በማድረጋቸው ሥርዓቱን የተሸከሙት እነርሱ መሆናቸው ነበር። ሲድኒ ሉሜት በ1973 አል ፓቺኖን ይዞ የሠራው «ሰርፒኮ» የገባውም ይኸው ነው። ፊልሙ በደም የተነከረው ሰው ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ በማሳየት ይጀምርና ወደ ኋላ ተመልሶ በየቢሮው የተሰጡትን ባዶ ተስፋዎች፣ ሳይመለሱ የቀሩትን አቤቱታዎችና ኃላፊዎቹ ነገሩን እርስ በርስ እየተቀባበሉ የገፉበትን ጊዜ አንድ በአንድ ይተርካል። ጥይቱ የታሪኩ መጀመሪያ መስሎ የቀረበው የዚያ ሁሉ ዝምታ ውጤት መሆኑን ለማሳየት ነው። ሉሜት በ1981 በሠራው «ፕሪንስ ኦቭ ዘ ሲቲ» ደግሞ ጥያቄውን አክብዶ ተመልሶበታል፤ በዚህ ፊልም ባልደረቦቹን ለማጋለጥ በሰውነቱ ላይ መቅረጫ የሚታጠቀው መርማሪ ራሱ ከጉቦው ያልጸዳ በመሆኑ፣ ተመልካቹ ማንን ንጹሕ እንደሚል ይቸገራል። ሰርፒኮ በሥራው ላይ ሳለ ላገኘው ሜዳሊያ ተገቢው የምስክር ወረቀት በእጁ የገባው በ2022፣ ከተመታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑም ተቋማት የሚያጋልጣቸውን ሰው ለማክበር ምን ያህል እንደሚዘገዩ ይመሰክራል።

ሆንግ ኮንግ፦ ስሙ የጠፋበት ሰው

ዘውጉን ወደ ላቀ ደረጃ ያደረሰው የሆንግ ኮንግ ሲኒማ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው በዚህች ከተማ በ1960ዎቹ የፖሊስ ጉቦ የተደራጀ ንግድ እስከመሆን ደርሶ ነበር። ፒተር ጎድበር የተባለው ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር የሚበልጠው ሀብቱ ምንጭ እየተጣራ ሳለ በ1973 ወደ እንግሊዝ ማምለጡ ሕዝቡን አደባባይ አወጣ። በተከታዩ ዓመት አገረ ገዥው ሙሬይ ማክልሆዝ ከፖሊስ ሥልጣን ውጭ የሆነ ገለልተኛ የፀረ ሙስና ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ጎድበርም በ1975 ተላልፎ ተሰጥቶ የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይሁንና ምርመራው እየጠነከረ ሲሄድ በ1977 ፖሊሶች አምፀው የኮሚሽኑን ጽሕፈት ቤት እስከ መውረር ስለደረሱ፣ አገረ ገዥው ከዚያ ዓመት በፊት ለተፈጸሙት አብዛኞቹ ጥፋቶች ምሕረት ለማድረግ ተገደዱ። የከተማዋ ነዋሪ እንግዲህ ፖሊስና ወንበዴ የሚለያዩበት መስመር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያወቀው ፊልሞቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው።

ሪንጎ ላም በ1987 ያቀረበው «ሲቲ ኦን ፋየር» ይህን ግንዛቤ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አሳየ። ቾው ዩን ፋት የተጫወተው ስውር ፖሊስ ቀደም ሲል የተወዳጀውን ሰው አሳልፎ በመስጠቱ ኅሊናው ስለሚወቅሰው ሥራውን መልቀቅ ይፈልጋል፤ አዛዡ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ እያለ ወደ ጌጣጌጥ ዘራፊዎች ቡድን ያስገባዋል። ከዚያም ማንነቱን የማያውቅ ሌላ የፖሊስ ክፍል እንደ ወንጀለኛ ያሳድደዋል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዱ ክፍል የላከውን ሰው ሌላው ክፍል መምታቱ በፊልሙ የቀረበው እንደ ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን፣ ክፍሎቹ ለክብርና ለሥልጣን ሲሻሙ የሚከተል የተለመደ ነገር ሆኖ ነው።

አንድሩ ላውና አላን ማክ በ2002 የሠሩት «ኢንፈርናል አፌርስ» ደግሞ ነገሩን እንደ መስተዋት አጋጠመው። ቶኒ ሊዩንግ የተጫወተው ቻን ከፖሊስ ማሠልጠኛ የተባረረ መስሎ ወደ ወንበዴዎች ቡድን ይገባል፤ አንዲ ላው የተጫወተው ላው ደግሞ የዚያው ቡድን አለቃ በልጅነቱ ወደ ፖሊስ ኃይል ያስገባው ሰርጎ ገብ ነው። ላው ዓመት በዓመት እየተሾመ ቢሮውና ቤቱ ሲያምርለት፣ ቻን ግን ለሦስት ዓመት የተባለው ሥራ እየተራዘመ ወደ አሥር ዓመት ሲጠጋበት፣ ለሽፋኑ ሲል በፈጸማቸው የድብደባ ወንጀሎች የተነሣ ፍርድ ቤት ባዘዘው መሠረት ወደ ሥነ ልቦና ሐኪም ይመላለሳል። ሌባው በሕግ ጥላ ሥር ይለመልማል፤ ሕግ አስከባሪው በሕግ ይቀጣል።

በዚህ ፊልም ጥይት የሚተኮስበት ጊዜ ከሌሎቹ ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ጭካኔው የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። የቻንን ማንነት የሚያውቀው አንድ አዛዥ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከሕንፃ ተጥሎ በታክሲ ላይ ወድቆ ሲሞት ቻን ከፖሊስነቱ ጋር የሚያገናኘው ሕያው ምስክር ያጣል። የቀረው በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ማህደሩ ነው፤ ማህደሩ ደግሞ በላው እጅ ነው። ላው ማንነቱ እንደታወቀበት ሲረዳ ማህደሩን ያጠፋዋል፤ በዚያች ቅጽበት ቻን ሳይቆስል፣ ሳይደማ፣ በሕግ ፊት ተራ ወንበዴ ሆኖ ይቀራል። ቆይቶ በአሳንሰር በር ላይ በሌላ ሰርጎ ገብ ጥይት መገደሉ አስቀድሞ የተፈጸመውን ግድያ ከማጠናቀቅ የዘለለ አይደለም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የላው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የአንድን ሰው ሕይወት በአንድ አለቃ ትዝታና በአንድ ማህደር ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል ያደረገው አሠራር የተዘረጋው ላው ከመምጣቱ በፊት ነውና።

አንድ ታሪክ፣ ሦስት መጨረሻ

የዚህ ፊልም መጨረሻ በሦስት መልክ መቅረቡ ስለ ተቋማዊ ፍትሕ ብዙ ያስተምራል። በሆንግ ኮንግ በታየው ቅጂ ላው አይቀጣም፤ የፖሊስ መታወቂያውን ከፍ አድርጎ ከአሳንሰሩ ይወጣል፣ ከወራት በኋላም የቻን ማንነት ተረጋግጦ በክብር ሲታወስ ላው በመቃብሩ ላይ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። ፊልሙ በቡድሂዝም ትምህርት ሥቃዩ ከማያቋርጥበት የሲኦል ክፍል ጋር የሚያመሳስለው ይህን ሳይያዙ የመኖር ቅጣት ነው። ለዋናው ቻይና በተዘጋጀው ቅጂ ግን ላው ከአሳንሰሩ ሲወጣ ፖሊሶች ማስረጃ እንዳገኙበት ነግረው ይይዙታል፤ መንግሥት የማያውቀው ወንጀል፣ የማይደርስበትም ወንጀለኛ እንደሌለ ለተመልካቹ ይነገረዋል።

ማርቲን ስኮርሴሲ በ2006 ታሪኩን ወደ ቦስተን ወስዶ በሠራውና ምርጥ ፊልምን ጨምሮ አራት የኦስካር ሽልማቶችን ባገኘው «ዘ ዲፓርትድ» ደግሞ ሦስተኛ መጨረሻ ይገኛል። ማት ዴመን የተጫወተው ከዳተኛ ፖሊስ በሕግ ሳይጠየቅ ያመለጠ ሲመስል፣ ከሥራው የተለየ የቀድሞ ባልደረባው በመኖሪያ ቤቱ ጠብቆ በሽጉጥ ይገድለዋል። ተመልካቹ በዚህ እፎይ ማለቱ አይቀርም፤ እፎይታው ግን የሚያሳስብ ነው። ፍርድ ቤት፣ ምርመራና ምስክር በሌሉበት አንድ ሰው በራሱ ሥልጣን ሞት ፈርዶ መፈጸሙ ፍትሕ ሆኖ የሚታየው፣ ፊልሙ እስከዚያ ድረስ ተቋሙ ራሱን ማጥራት እንደማይችል ስላሳመነ ነው። የመጀመሪያው መጨረሻ ተቋሙ በዳዩን ሳያውቅ ሊያከብረው እንደሚችል፣ ሁለተኛው ተቋሙ እንደማይሳሳት፣ ሦስተኛው ከተቋሙ ተስፋ መቁረጥን ይናገራሉ። ከሦስቱ ለተመልካቹ እውነቱን ሳያለዝብ የሚተወው የመጀመሪያው ነው፤ በደል ሳይታወቅ መቅረት እንደሚችል የሚያምን ሰው ብቻ በደል እንዳይደበቅ ይተጋልና።

ከፊልሙ የከፋው ቦስተን

በ«ዘ ዲፓርትድ» ጃክ ኒኮልሰን የተጫወተው የወንበዴዎች አለቃ በከፊል የተቀረጸው በጄምስ ባልጀር ላይ ነው። ባልጀር የቦስተን የወንጀል ቡድን መሪ ሆኖ ሳለ ከ1975 ጀምሮ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የሆነው የኤፍ ቢ አይ ጆሮ ጠቢ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ጆን ኮኖሊ ደግሞ ከእርሱ መረጃ እየተቀበለ ከሕግ ሲከልለው ኖረ። ባልጀር በ1994 መጨረሻ ክስ ሊመሠረትበት መሆኑን ከኮኖሊ ሰምቶ አመለጠ፤ የተያዘውም ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ በ2011 ነው። በ2013 በአሥራ አንድ ግድያዎች ተሳታፊ መሆኑ ተረጋግጦ ተፈረደበት፤ ኮኖሊም በተለያዩ ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ ታሠረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቢሮው ባልጀርን የጠበቀው ከጥቅም አንጻር አስልቶ መሆኑ ነው፤ ሌላውን ትልቅ የማፍያ ቡድን ለመምታት ይህኛውን ማኖር ተገቢ ሆኖ ታይቶት ነበር።

ከዚህም የሚከፋ ነገር በዚያው ከተማ ተፈጽሟል። በ1965 ለተፈጸመ አንድ ግድያ አራት ሰዎች በጆሴፍ ባርቦዛ የሐሰት ምስክርነት ተፈርዶባቸው ለአሥርተ ዓመታት ታሠሩ። ኤፍ ቢ አይ ምስክርነቱን የሚያፈርስ መረጃ በእጁ እያለ ጆሮ ጠቢዎቹን ለመጠበቅ ሲል ደብቆ ያዘው። ሁለቱ እስረኞች በወኅኒ ቤት ሞቱ፤ በ2007 የፌዴራል ዳኛዋ ናንሲ ገርትነር መንግሥት ለአራቱ ወገኖች ከ101 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማሳደድም ተኩስም የለም፤ ያለው በመሳቢያ ውስጥ የቀረ ወረቀት ነው። ሲኒማ ከቦስተን ታሪክ የባልጀርን ዓይነት ሰው መርጦ እነዚህን አራት ሰዎች መተዉ የዘውጉን ዋና ድክመት ያመለክታል።

እምነት እንደ መሣሪያ

ስውር ፖሊስ የሚሠራው በሰው እምነት ነው። በ1997 የወጣው የማይክ ኒውወል «ዶኒ ብራስኮ» ከ1976 እስከ 1981 በኒው ዮርክ የቦናኖ ማፍያ ቤተሰብ ውስጥ በሐሰት ስም በኖረው በኤፍ ቢ አይ ወኪሉ ጆሴፍ ፒስቶን እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ሥራው ከ100 በላይ ሰዎችን ለቅጣት ያበቃ ትልቅ ስኬት ነበር። ፊልሙ ግን ያተኮረው በስኬቱ ላይ ሳይሆን ወኪሉን እንደ ልጁ አምኖ ለአለቆቹ ዋስ በሆነለት አንድ ሽማግሌ ወንበዴ ላይ ነው፤ በመጨረሻም ሽማግሌው ያለውን ውድ ነገር ሁሉ ለሚስቱ ትቶ ወደ ሞቱ ሲሄድ፣ ወኪሉ ሜዳሊያና የ500 ዶላር ቼክ ሲቀበል ያሳያል። በእውነቱ ሽማግሌው ተይዞ ታሥሮ በ1994 በሕመም ሲሞት፣ ወኪሉን በማስገባቱ በራሱ ቡድን የተገደለው ሌላው አለቃ ነበር። ፊልሙ ታሪኩን ቢለውጥም ያነሣው ነገር እውነት ነው፦ ለመንግሥት የቀረበው ማስረጃ የተከፈለው በአንድ ሰው ፍቅርና በአንድ ሰው ሞት ነው።

የደቡብ ኮሪያው ፓርክ ሁን ጁንግ በ2013 በሠራው «ኒው ወርልድ» ይህ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ፖሊስ ታላቁን የወንጀል ድርጅት ማፍረስ ትቶ ቀጣዩን መሪ ራሱ መርጦ ሊሾምበት ያቅዳል፤ ሊወጣ የሚለምነውን ስውር ፖሊስም በማስፈራራት ያስቀረዋል። እርሱ ግን ቡድኑ ውስጥ ካለው ሰው ያገኘውን ታማኝነት ከአለቆቹ ስላላገኘ፣ በመጨረሻ አለቆቹ ተገድለው፣ ፖሊስነቱን የሚያረጋግጠው ማስረጃም ጠፍቶ የድርጅቱ ራስ ይሆናል። የማህደሩ ጉዳይ ስፓይክ ሊ በ2018 ባቀረበው «ብላክ ክላንስማን» ውስጥም ይመለሳል፤ የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ የመጀመሪያው ጥቁር መርማሪ ሮን ስታልዎርዝ ዘረኛውን የኩ ክለክስ ክላን ቡድን ሰርጎ ከመረመረ በኋላ፣ አለቃው ምርመራውን እንዲያቆምና ሰነዱን እንዲያጠፋ ያዝዘዋል። በሁሉም ፊልሞች ጥይት የሚተኩሰው ሰው ይለያያል፤ ማህደሩን የሚያጠፋው ወይም የሚደብቀው እጅ ግን ምንጊዜም ከመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው።

ከካሜራው ውጭ የቀሩት

እስከዚህ የታዩት ፊልሞች ሁሉ ተጎጂ አድርገው የሚያቀርቡት ስውሩን ፖሊስ ወይም እርሱን ያመነውን ወንበዴ ነው። የእንግሊዝ እውነተኛ ታሪክ ግን ሌላ ተጎጂ እንዳለ አጋልጧል። የለንደን ፖሊስ በ1968፣ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ሰልፎች ሲበረቱ ያቋቋመው የስውር ክትትል ክፍል እስከ 2008 ድረስ ፖሊሶችን በሐሰት ስም ወደ ፖለቲካ ቡድኖች፣ ወደ አካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾችና ወደ ፀረ ዘረኝነት ንቅናቄዎች ያስገባ ነበር። ከእነዚህ ፖሊሶች በርካቶቹ በሕፃንነታቸው የሞቱ ልጆችን ስም ወላጆች ሳያውቁ ለሽፋን ወስደዋል፤ አንዳንዶቹም ከሚሰልሏቸው ሴቶች ጋር ለዓመታት በፍቅር ኖረዋል፣ ልጅ የወለዱም አሉ። በዘረኞች ለተገደለው ወጣት ለስቲቨን ሎውረንስ ፍትሕ የሚጠይቁት ቤተሰቦቹና ደጋፊዎቻቸው ሳይቀሩ ተሰልለዋል።

ማርክ ኬኔዲ የተባለው ስውር ፖሊስ በ2010 ከተጋለጠ በኋላ ጉዳዩ መከፈት ጀመረ። በ2011 የይግባኝ ፍርድ ቤት የሃያ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾችን ፍርድ ሻረ፤ ምክንያቱም ኬኔዲ ያሰባሰበው፣ ለተከሳሾቹ የሚጠቅም ማስረጃ ለፍርድ ሳይቀርብ ተደብቆ መቆየቱ ነበር። በ2015 የለንደን ፖሊስ በዚህ መንገድ የተታለሉ ሰባት ሴቶችን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመትም መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ ሥራ ጀመረ። ጉባኤው በ2023 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የክፍሉ አሠራር ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ በቶሎ መዘጋት የሚገባው እንደነበር ገለጸ። ምርመራው እየተካሄደ ሳለም በ2021 የወጣ አዲስ ሕግ ስውር ሠራተኞች ወንጀል እንዲፈጽሙ መሥሪያ ቤቶቻቸው አስቀድመው እንዲፈቅዱላቸው አስቻለ፤ የማይፈቀዱት ወንጀሎች በዝርዝር ስላልሰፈሩበትም የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች አጥብቀው ተቃውመውታል።

በእነዚህ ሴቶች ላይ የደረሰውን በደል ከ«ኢንፈርናል አፌርስ» ጋር ማነጻጸር የፊልሙን ብርታትና ጉድለት በአንድ ጊዜ ያሳያል። ቻን ማህደሩ ሲጠፋ ማን እንደሆነ የሚያስረዳበት አጣ፤ ሴቶቹ ደግሞ አብረውት የኖሩት ሰው ማን እንደነበር የሚያስረዳው ማህደር በመንግሥት እጅ እያለ እንዳያዩት ተከለከሉ። ሁለቱም የተጎዱት በአንድ ዓይነት አሠራር ነው፤ ሲኒማ ግን ለመጀመሪያው ሙዚቃና የክብር ሥነ ሥርዓት ሲሰጥ፣ ለሁለተኞቹ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው ስለ ባሏ እውነቱን ሳታውቅ የምትቀር ሴት የሆነች ትንሽ ሚና ነው። በዚህ የተነሣ ተመልካቹ ስለ ስውር ፖሊስ የሚያዝነውን ያህል፣ ስውር ፖሊስ በቤቱ ስለገባበት ሰው ማሰብ አይለምድም።

እንዴት ሊታዩ ይገባል?

ይህ ሁሉ ሲባል ስውር ምርመራ ጨርሶ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የተደራጀ ዝርፊያንና የዘረኞችን ሤራ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አስቸጋሪ መሆኑን የስታልዎርዝም ሆነ የፒስቶን ሥራ አረጋግጧል። ጥያቄው ሥራው መኖር አለበት ወይ የሚል ሳይሆን፣ ለሥራው ማን ይፈቅዳል፣ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ ማህደሩን ከአንድ አለቃ በላይ ማን ያውቀዋል፣ ፍርድ ቤት ከመቼ ጀምሮ ይጠይቃል፣ የተጎዳስ ሰው ለማን አቤት ይላል የሚል ነው። ሆንግ ኮንግ በ1974 ከፖሊስ ውጭ የሆነ መርማሪ ስታቋቁም ያገኘችው ለውጥና ኤፍ ቢ አይ በቦስተን የራሱን ጆሮ ጠቢዎች ራሱ እንዲቆጣጠር በመተዉ የደረሰው ጥፋት ለእነዚህ ጥያቄዎች ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ የበለጠ መልስ ይሰጣሉ።

የዘውጉ ታላላቅ ሥራዎች ዋጋቸው የሚለካውም በዚህ ነው። ጥይቱን ብቻ የሚያሳይ ፊልም ተመልካቹን ለሁለት ሰዓት ያስደነግጠውና ይለቀዋል፤ ጥይቱን የወለደውን ውሳኔ የሚያሳይ ፊልም ግን ዜጋው ጋዜጣ ሲያነብ፣ ፍርድ ሲሰማና ኃላፊዎች መግለጫ ሲሰጡ የሚጠይቀውን ጥያቄ ያስተምረዋል። ተቋማት የሚበድሉት ክፉ ሰዎች ስለገቡባቸው ብቻ ሳይሆን፣ ደጋግ ሰዎችም ሳይጠየቁ የሚሠሩበት ጨለማ ስላለ ነው። እነዚህ ፊልሞች ያንን ጨለማ በፖሊሱ ዓይን አሳይተዋል፤ ከአሁን በኋላ የሚሠሩት ደግሞ በዚያው ጨለማ ውስጥ ስማቸው፣ ነፃነታቸውና ፍቅራቸው በተወሰደባቸው ተራ ሰዎች ዓይን ሊያሳዩት ይገባል። ይህን ያደረገ ዘውግ የመዝናኛነቱን ያህል የፍትሕ ምስክርም ይሆናል።